የፕሪንተር ዋጋ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም

የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። መምህሯ ወርክሺቱን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለቃለች፤ ልጁ የሚያስታውሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የሰፈሩ ኮፒ ቤት ደግሞ ተዘግቷል። በዚህ ላይ የመታወቂያ ኮፒ፣ የባንክ ፎርም፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና ወረቀት አለ። «ለምን አንድ ፕሪንተር ቤታችን አናስገባም?» መባሉ አይቀርም። በዚህ ወር የምንመለከተው የሚያትመውን፣ ኮፒና ስካን የሚያደርገውን፣ ሻጮች «ሦስት በአንድ» የሚሉትን ርካሽ የቀለም ፕሪንተር ነው።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ስለሆነ አንድ ዕቃ በጣም ረክሶ ሳየው መጀመሪያ የምጠይቀው «ታዲያ ትርፉ ከየት ይመጣል?» ብዬ ነው። በቢዝነስ ትምህርት ይህ የዋጋ አወጣጥ የሚታወቅበት ምሳሌ የጢም መላጫ ነው። እጀታው በርካሽ ይሸጣል፤ ትርፉ የሚሰበሰበው በየጊዜው ከሚቀየረው ምላጭ ነው። ርካሽ ፕሪንተርም እንደዚሁ ነው። ማሽኑን አንዴ ይገዛሉ፤ ቀለሙን ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ ይገዛሉ። ስለዚህ «ፕሪንተሩ ስንት ነው?» ከማለት በፊት «አንድ ገጽ ስንት ይፈጅብኛል?» ማለት ይቀድማል።

ባለ ካርትሪጅና ባለ ታንክ

ገበያ ላይ ያሉት የቤት ውስጥ የቀለም ፕሪንተሮች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ባለ ካርትሪጅ ነው። ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ቀለሙ ግን በትንሽ በትንሹ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ ኤችፒ 305 የሚባለው ካርትሪጅ ጥቁሩ ወደ 120 ገጽ፣ ባለቀለሙ ወደ 100 ገጽ ያትማል ተብሎ የተገመተ ነው። ኤክስኤል የሚባለው ትልቁ መጠን እንኳ 240 እና 200 ገጽ ነው። ባለቀለሙ ካርትሪጅ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ በአንድ ዕቃ የያዘ በመሆኑ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ሌሎቹ ቢተርፉም ሙሉውን መቀየር ግድ ይሆናል። ከአዲሱ ፕሪንተር ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ካርትሪጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለማስጀመሪያ ያህል ብቻ የተሞላ ነው።

ሁለተኛው ባለ ታንክ ነው። ቀለሙ በጠርሙስ ተገዝቶ ማሽኑ ጎን ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይሞላል። ኤፕሰን ይህን ዓይነት ፕሪንተር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ሲሆን፣ ዛሬ ካነንም ኤችፒም የየራሳቸው አላቸው። ለኤፕሰን ኤል3250 የሚሆነው ባለ 65 ሚሊ ሊትር የጥቁር ቀለም ጠርሙስ ወደ 4,500 ገጽ፣ ሦስቱ ቀለማት በአንድ ላይ ወደ 7,500 ገጽ ያትማሉ ተብሎ ተገምቷል። ማሽኑ ግን ሲገዛ ከባለ ካርትሪጁ በጣም ይወደዳል።

እነዚህ የገጽ ቁጥሮች የሚገመቱት በዓለም አቀፍ መለኪያ ላይ ተመሥርተው ነው። በመለኪያው የሚታተሙት ገጾች እንደ መደበኛ የቢሮ ሰነድ ያሉ ናቸው። የልጅዎ ወርክሺት ግማሽ ገጹ ዝሆንና ቀስተ ደመና ከሆነ ቀለሙ ከዚያ በፊት ያልቃል።

በወረቀት ላይ እናስላ

በወር 60 ገጽ የሚያትም ቤተሰብ እንውሰድ፤ ሁለት ተማሪዎች ያሉበት፣ በሳምንት 15 ገጽ ገደማ የሚያስፈልገው። 120 ገጽ የሚያትም ካርትሪጅ ለሁለት ወር ይበቃዋል፤ በዓመት 6 ጥቁር ካርትሪጅ ማለት ነው። 4,500 ገጽ የሚያትመው ጠርሙስ ግን ለ75 ወራት፣ ማለትም ለ6 ዓመት ከ3 ወር ይበቃል።

ወደ ብር እንምጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ብቻ ይውሰዷቸውና ሱቅ ጠይቀው በራስዎ ቁጥር ይተኩ። ካርትሪጁ 2,400 ብር፣ ጠርሙሱ 1,800 ብር፣ 500 ወረቀት የያዘው አንድ ደስታ 1,000 ብር፣ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ ለማተም 10 ብር ይሁን።

በካርትሪጅ አንድ ጥቁር ገጽ 20 ብር ለቀለም፣ 2 ብር ለወረቀት፣ በድምሩ 22 ብር ይሆናል። በታንክ 40 ሳንቲም ለቀለም፣ 2 ብር ለወረቀት፣ በድምሩ 2 ብር ከ40 ነው። ኮፒ ቤት ወረቀቱን ጨምሮ 10 ብር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በእነዚህ ዋጋዎች ባለ ካርትሪጁ ፕሪንተር በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ እያንዳንዱ ገጽ ከኮፒ ቤቱ በ12 ብር ይበልጣል። ብዙ ባተሙ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ የማሽኑ ዋጋ አይመለስም።

አሁን ማሽኑን እንጨምር። ባለ ካርትሪጁ 10,000 ብር፣ ባለ ታንኩ 30,000 ብር ቢሆን፣ በወር 60 ገጽ ለሚያትመው ቤተሰባችን የሁለት ዓመት ወጪ እንዲህ ይመጣል፦ ባለ ካርትሪጁ 41,680 ብር፣ ባለ ታንኩ 33,456 ብር፣ ኮፒ ቤት 14,400 ብር። ርካሽ የተባለው ማሽን ውዱን በ17ኛው ወር ገደማ አልፎት ይሄዳል። ባለ ታንኩም ቢሆን ከኮፒ ቤት ጋር እኩል ለመምጣት 4,000 ገጽ ገደማ ማተም አለበት። ያ በወር 60 ገጽ አምስት ዓመት ተኩል፣ በወር 200 ገጽ ደግሞ 20 ወር ነው።

ገንዘብ ብቻ አይደለም

«እንግዲያው ኮፒ ቤት ይሻላል» ብለው ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ግን ስሌቱ ውስጥ ያልገቡ ነገሮች አሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚመጣ የቤት ሥራ አንዱ ነው። ሌላው ምስጢር ነው። ኮፒ ቤት ስንሄድ ፓስፖርታችንን፣ የፋይዳ መታወቂያችንን፣ የሕክምና ውጤታችንን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንልካለን፤ ፋይሉ ከእኛ በኋላ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ፍላሹም ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከታናሽ ልጅ ጋር በዝናብ ወጥቶ መመለስም የራሱ ዋጋ አለው። እነዚህ ለቤትዎ ስንት እንደሚያወጡ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ኮፒ ቤት ለሚያዘወትር ሰው ግን ነጻ ምክር አለኝ፦ ፋይልዎ ከዴስክቶፑም፣ ከሪሳይክል ቢኑም እስኪጠፋ ድረስ አጠገቡ ይቁሙ።

ሳይታተምበት የሚያልቀው ቀለም

የቀለም ፕሪንተር ከተቀመጠ ይታመማል። ቀለሙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከፀጉር ክር የቀጠኑ ስለሆኑ ለሳምንታት ካልሠሩ ይደርቃሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ርካሹን ዓይነት ለልጆቿ ገዝታ ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለሁለት ወር ማንም አልነካውም። መስከረም ላይ ጽሑፉ መስመር እየዘለለ መጣ። የማጽጃ ትእዛዙን ደጋግማ ብትሰጠው ጥቂት ገጽ እንኳ ሳያትም ካርትሪጁ በማጽዳት ብቻ አለቀ። አሁን ፕሪንተሩ ዳንቴል ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ሳሎን ተቀምጧል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ ያትሙ። ሲጨርሱ ከሶኬቱ ወይም ከማከፋፈያው ሳይሆን በራሱ ማጥፊያ ያጥፉት፤ በዚያ ጊዜ የሚያትመው ክፍል ወደ ቦታው ተመልሶ ክዳኑን ይለብሳል። መብራት በማተም ላይ እያለ ከጠፋ ግን መሀል ላይ ተገትሮ ይቀርና ለአየር ይጋለጣል። መብራቱ ሲመለስ አብርተው፣ ቦታው እስኪገባ ጠብቀው እንደገና ያጥፉት። ኤል3250ን የመሰሉ የቀለም ፕሪንተሮች ሲሠሩ የሚወስዱት ከ20 ዋት በታች በመሆኑ አነስተኛ ዩፒኤስ ይበቃቸዋል።

በወር ከአሥር ገጽ በታች የሚያትም፣ ቀለም የማይፈልግ ቤት ካለ ስለ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር ይጠይቅ። የሌዘር ቶነር ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። ነገር ግን ኃይል በብዛት ስለሚስብ ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር አይስማማም።

በሻንጣ የመጣ ስጦታ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል ፕሪንተር የሚያዙ አሉ። ከማዘዝዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ኩባንያዎች ካርትሪጃቸውን በአህጉር ከፋፍለው ይሸጣሉ። አንዱ ኤችፒ ዴስክጄት 2700 አሜሪካ ሲሸጥ የሚወስደው 67 ቁጥር ካርትሪጅ ነው፤ አውሮፓ ሲሸጥ ደግሞ 305 ነው። አሜሪካ የተገዛው ማሽን እዚህ የሚገኘውን ላይቀበል ይችላል፤ ቀለም ባለቀ ቁጥር መንገደኛ መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኢ» የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለችባቸው የኤችፒ ሞዴሎች «ኤችፒ ፕላስ» በሚባለው አገልግሎት ከተመዘገቡ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትና የኩባንያውን ቀለም ብቻ መጠቀም ግዴታቸው ይሆናል። በመርፌ አስሞላዋለሁ ብለው ያሰቡ እንደሆነ ሐሳቡ እዚያው ያበቃል።

ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ

ለመግዛት ከወሰኑ መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ብሩን ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ያድርጉ።

ቀለሙን መጀመሪያ ይጠይቁ። ፕሪንተሩን ሳይሆን ካርትሪጁን ወይም ጠርሙሱን «አሳዩኝ» ይበሉ። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ውስጥ ካላገኙት ማሽኑ ምንም ያህል ቢረክስ ይለፉት።

ኖዝል ቼክ የሚባለውን የሙከራ ገጽ ያሳትሙ። የተቆረጠ መስመር ካለ ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

መታወቂያዎን በመስታወቱ ላይ አድርገው ፊትና ጀርባውን ኮፒ ያድርጉ። ፎቶው ጠቁሮ ፊትዎ ካልለየ ለሰነድ አይሆንዎትም።

የታተመው ገጽ ላይ እርጥብ ጣት ያሳርፉ። የኤል3250 ጥቁር ቀለም በውሃ የሚሟሟ ዓይነት ስለሆነ ይደበዝዛል። የካነን ጂ ተከታታይ አንዳንድ ሞዴሎች ጥቁር ቀለም ግን ፒግመንት በመሆኑ ውሃን የበለጠ ይችላል። ውልና ማስረጃ ለሚያትም ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከስልክዎ ያትሙ። ወርክሺቱ የሚመጣው በቴሌግራም ስለሆነ ዋይፋይ ያስፈልግዎታል። በስም የሚቀራረቡት ኤል3210 እና ኤል3250 የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ዋይፋይ ያለው ኤል3250 ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጥገና ይጠይቁ። በማጽዳት ጊዜ የሚፈሰው ቀለም ማሽኑ ውስጥ ባለ ስፖንጅ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ፕሪንተሩ «አልሠራም» ሊል ይችላል። ስፖንጁን የሚቀይርልዎት ሰው ያለበትን ሱቅ ይምረጡ፤ የዋስትና ወረቀቱም ማኅተም ያለበት ይሁን።

ታዲያ ይገዛ?

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። በወር ከ60 ገጽ በታች የምታትሙና ኮፒ ቤት ደጃችሁ ላይ ያለ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ለመጻሕፍትና ለደብተር አቆዩት። በወር ወደ 200 ገጽ የምትጠጉ፣ ብዙ ተማሪ ያለባችሁ ወይም ቤት ውስጥ አነስተኛ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ፣ ትንሽ ቆጥባችሁ ባለ ታንኩን ግዙ። መሀል ላይ ያላችሁ ደግሞ ከጎረቤት ወይም ከእህት ወንድም ጋር አንድ ባለ ታንክ በጋራ ስለመግዛት ተነጋገሩ፤ ሦስት ቤት የሚጠቀምበት ፕሪንተር ቀለሙ የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። ርካሹን ባለ ካርትሪጅ የምመክረው ሥራው በአብዛኛው ስካንና ኮፒ ለሆነ፣ ኮፒ ቤትም ለራቀበት ቤት ብቻ ነው።

በዚህ ወር አንድ ነገር ሞክሩ። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ቤተሰቡ ያሳተመውን ገጽ ሁሉ፣ የልጆቹንም የአባታቸውንም፣ በየቀኑ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ደምሩትና ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ በ60 ፋንታ አስገቡት። ሱቅ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ይሁን።