አምስት ወር ወይስ 120 ዓመት? ስለ ላብራቶሪ ቆሻሻ አሁኑኑ እንነጋገር

ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ አሮጌ ብረት፣ ጀሪካን፣ ጠርሙስ እናወጣለን። ዕቃው ከየት መጣ፣ ውስጡስ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የሆነውም ይኸው ነው። ከተዘጋ ክሊኒክ የቀረ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ብረት ሰብሳቢዎች እጅ ገባ፤ ሲሰበር ውስጡ የነበረው ሲዚየም-137 ከቤት ቤት ተዳረሰ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ110 ሺህ በላይ ሰው ተመረመረ።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። መጀመሪያ አንድ ስጋት እናንሳ፦ የሆስፒታል ኤክስሬይ ማሽን ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል፤ ጨረር ያለው ቆሻሻ አይተውም። ጥያቄው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርና ኬሚካል አብረው የሚሠሩበት የምርምር ላብራቶሪ ነው። አዴት ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ቡሬ ላይ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስና የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። እነዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ ቆሻሻ አላቸው ማለቴ አይደለም። ግን ምርምር ባደገ ቁጥር ጉዳዩ ወደኛም መምጣቱ አይቀርም።

ችግሩ በምሳሌ ቢታይ ይቀላል። ፎስፎረስ-32 የሚባለው ጨረር አመንጪ በየ14 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። አሥር ጊዜ ሲገመስ፣ ማለትም በአምስት ወር ገደማ፣ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ትሪቲየም ግን በግማሽ ለመቀነስ 12 ዓመት ይፈጅበታል። አንድ የቸኮለ ሠራተኛ ሁለቱን አንድ ጀሪካን ውስጥ ቢገለብጣቸው የአምስት ወሩ ጣጣ የ120 ዓመት ጣጣ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ እንደ ቶሉኢን ያለ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ከተጨመረበት ጨረሩ እስኪያልቅ ማስቀመጡ ራሱ የእሳት አደጋ ይሆናል። ጨረሩ ቢያልቅም ቶሉኢኑ መርዝነቱን አይለቅም።

ሕጉስ? አደገኛ ቆሻሻ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይገዛል። ጨረር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1025/2009፤ ቁጥጥሩም ሌላ መሥሪያ ቤት ጋ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም ይለያያሉ፦ የባዝል ስምምነት በሌላ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ያለን የጨረር ቆሻሻ ከራሱ ያወጣል፣ የአፍሪካው የባማኮ ስምምነት ግን ያካትታል። ለየብቻ ሲሆኑ ባለቤት አላቸው። አንድ ጀሪካን ውስጥ ሲገናኙ ግን «የኔ አይደለም» መባባል ይመጣል።

ኬሚካል ብቻ ሲሆን እንኳ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከ1,000 ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በፋኦ ድጋፍ እየታሸገ እንዲቃጠል ፊንላንድ ድረስ ተጭኗል። ጨረር ቢቀላቀልበት ኖሮ ማን ይቀበለው ነበር?

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ኔት ሲጠፋ፣ ባለሙያ ቦታውን ለቆ ሲሄድ አይተናል። የቆሻሻ መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰው ከሄደ፣ ጀሪካኑ ላይም ምንም ካልተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቆራሌው ነው።

መፍትሔው ብዙ ብር አይጠይቅም፤ የሚጀምረውም ከጠረጴዛው ላይ ነው። ቶሎ የሚያልቀውንና የሚቆየውን መለየት። ኬሚካሉን ከጨረሩ አለመቀላቀል፣ የግድ ከሆነም መጠኑን ማሳነስ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምን እንደሆነ፣ መጠኑንና የገባበትን ቀን በአማርኛም ጭምር መጻፍ። መዝገቡን ከግቢው ውጪ ሌላ ቦታም ማስቀመጥ።

ስለዚህ አዲስ ላብራቶሪ ሲመረቅ ሪባን ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ መግቢያውን አሳያችሁን፣ የቆሻሻው መውጫ የት ነው?