የቼዝ ፕሮግራም ለመጻፍ ከየት እንጀምር?



ባለፈው ሴሚስተር ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም እንጻፍ ብለን ከተሰባሰብነው መካከል የቀረነው ጥቂቶች ነን። ጥፋቱ የእኛ የነባሮቹ ነው። ለጀማሪዎች ገና በመጀመሪያው ቀን የከፈትንላቸው የስቶክፊሽን ኮድ ነበር። ስቶክፊሽ በዓለም ላይ ካሉት ብርቱ የቼዝ ፕሮግራሞች አንዱ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ክፍት ስለሆነ ግን ለጀማሪ ይገባዋል ማለት አይደለም። አንዲት የአንደኛ ዓመት እህታችን "ይሄ ለኔ አይደለም" ብላ ላፕቶፗን ዘግታ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

(በጨዋታው ብይን ላይ የዑለማእ ልዩነት እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄ ያለው ዑስታዞችን ይጠይቅ፤ እዚህ የምናወራው ስለ ኮድ ነው።)

በእኛ አመለካከት የጀማሪ ፕሮግራም ጎበዝ ተጫዋች መሆን የለበትም። ሕጉን ሳይጥስ በዘፈቀደ ቢጫወት ይበቃዋል። ይህም ቢሆን የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ደግነቱ ትክክል መሆናችንን የምንፈትሽበት መንገድ አለው። ከመነሻው ነጩ 20 እርምጃዎች አሉት፤ 16 የወታደሮች፣ 4 የፈረሶች። ጥቁሩ ሲመልስ 400 መንገድ ይሆናል። በሦስተኛው እርምጃ 8,902፣ በአራተኛው 197,281። ንጉሥን ለጥቃት አጋልጦ መሄድ ክልክል መሆኑን የረሳ ፕሮግራም ሦስቱን ቁጥሮች በትክክል ቆጥሮ አራተኛው ላይ ይጋለጣል። ወታደር በጎኑ ዘሎ ያለፈውን ወታደር የሚበላበትን ሕግ የረሳ ደግሞ አምስተኛው ላይ፣ 4,865,609ን ያጣዋል። ስህተቱን የሚነግረን ቁጥሩ ስለሆነ የነባር ተማሪ ፊት ማየት አያስፈልግም። እኛን የሳበን ይኼ ነው።

ይህም ከበደ ካልን ሰሌዳውን እናሳንሰው። በ1956 እ.ኤ.አ. የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተራቸው ደካማ ስለነበር ቢሾፖቹን አውጥተው በ6 በ6 ሰሌዳ ነው ያጫወቱት። ወይም የራሳችንን ሰንጠረዥ እንውሰድ፤ ስሙ ከዐረብኛው ሸጥረንጅ ጋር አንድ ነው (በኮዱ ውስጥም ሰሌዳው ሰንጠረዥ መሆኑ ደስ ይላል)። ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ የሚዘምቱበትን ወረራ ለጊዜው ብንተወው፣ ወታደሩ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፈርዙም እንደ ቼዝ ንግሥት ሰሌዳውን አያቋርጥም። ንጉሥና ሩክ ቦታ የሚቀያየሩበት ሕግም የለም።

ከመካከላችን "በፓይተን ሕጉን የሚያውቅ ላይብረሪ እያለ ለምን እንደክማለን?" የሚሉ አሉ። ለጠጠሮች ዋጋ ሰጥቶ (ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9) ቶሎ ወደ ማሰብ ክፍሉ መግባት ለሚፈልግ ተገቢ ነው። ኮድ ገና ለሚለምድ ግን ሕጉን ራሱ ቢጽፈው እንመርጣለን።

በዚህ ሴሚስተር ከ20ዋ እርምጃ እንጀምራለን። ለዚያች እህታችንም ይህንኑ ጽፈን ልከናል፤ መልሷን እየጠበቅን ነው።