ስለ ሞተር ብስክሌት ባትሪ፤ ሳይመረመር እንዳይፈረድበት

ከአራት ኪሎ አደባባይ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ በሚወርደው ቍልቍለት በማለዳ ለሚመለከት፥ እንቢ ያለችውን አሮጌ ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ ለማስነሣት የሚሮጥ ሰው አይታጣም። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ «ባትሪው ሞተ» ብሎ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ሁለት ወር ሳይቈይ የፊተኛውን መንገድ ይከተላል። ዕቃ በማድረስ ለሚተዳደር ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ጕዳት አይደለም፤ ለቤት ኪራይና ለልጆች ደብተር የታሰበው ገንዘብ ለአንድ ጕድለት ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው።

በችሎት ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ ባትሪም ሳይለካ ሊፈረድበት አይገባም። ምስክሩ ቴስተር የሚባለው ትንሽ መለኪያ ነው። መለኪያው በዲሲ 20 ቮልት ላይ ከተደረገ በኋላ ቀዩ ሽቦ የባትሪውን ፖዘቲቭ፥ ጥቍሩ ኔጋቲቩን ይነካል።

የመዠመሪያው ልክ የሚወሰደው ሞተሩ ሌሊቱን ዐርፎ ገና ሳይነሣ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ፥ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ኀይል የሚሰጥ ስድስት ክፍል አለውና፥ ጤናማና ሙሉ ሲሆን ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። 12.2 ቢሆን ግማሹ ያህል አልቋል፤ 12 ቢደርስ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሁለተኛው ልክ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ በመጠኑ ሲሰጠው ነው፤ ያን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ቍጥሩ ከፍ ካላለ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም፤ በዲናሞው ጥቅል ሽቦ፥ በሬጉሌተሩ ወይም በዛገ ማገናኛ መፈለግ ይገባል። ከማገናኛው መዠመር ደግ ነው፥ ማጽዳቱ ገንዘብ አያስወጣምና። ከ15 ቢያልፍ ግን ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ አዲስ ቢገባበትም ያው ነው።

ሙሉ የነበረ ባትሪ ማስነሻው ሲጫን ከ10 ቮልት እጅግ ዝቅ ቢል፥ እንግዲህ በእውነት ደክሟል። ባለ 6 ቮልት ለሆኑት ጥንታውያን ቍጥሩ ሁሉ በግማሽ ይታሰብ።

በከተማችን ባትሪን የሚያደክመው ሌላው ነገር አጭር መንገድ ነው። ማስነሻው የወሰደውን ኀይል ዲናሞው ሳይመልስ ሞተሩ ይጠፋል፤ መንገዱም ተጨናንቆ መብራት በርቶ ሲቆም አሮጌው ዲናሞ ወጪውን አይችልም። ቆሞ የሚከርምም ቢሆን አይድንም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ዠምሮ በአዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ በተወሰነ ጊዜ፥ ፈቃድ እስኪገኝ በግቢ የቆመ ሁሉ ይህ አደጋ ነበረበት። ባዶ ሆኖ በቈየ ባትሪ ውስጥ በእርሳሱ ሰሌዳ ላይ ደረቅ ነገር ይጋገራል፤ ከጠና በኋላ አይለቅም። ስለዚህ የቆመውን በየወሩ ማስሞላት ያሻል፤ ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር ያህል ይበቃዋል። ለመኪና በተሠራ ኀይለኛ መሙያ ቶሎ እንሙላልህ የሚል ባለ ሱቅ ቢያጋጥም እሺ አይባልም።

ክዳኑ የሚከፈተው ዐይነት ውሃው ሲጐድል የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበታል፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይጨመርበትም። ሲሞላ የሚወጣው አየር በእሳት ይፈነዳልና ከምጣድና ከሲጋራ ርቆ፥ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሁን። አሲዱ ቆዳ ወይም ዐይን ቢነካ ሳይዘገዩ በብዙ ውሃ ማጠብ፥ ለዐይንም ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በውስጡ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ስለዚህ ያረጀው ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበርም፥ በአልጋ ሥርም አይቀመጥም፤ አዲሱ በተገዛ ቀን አሮጌውን ለሚረከብ ነጋዴ መስጠት ይሻላል።