የቦዬ ጨፌ ወፍ

ብርቅ የውኃ ወፍ ለማየት እስከ ባሕር ዳርቻ መውረድ አያሻም። እኛ ማለዳ ከበቾ ቦሬ ተነሥተን፣ ተማሪዎቻችንን አስከትለን፣ በጅማ ከተማ ጫፍ ወዳለው ወደ ቦዬ ጨፌ ሄድን። በዚያም ባለ አክሊሉን ጥቁር ወፍ፣ የወርቅ ጭድ የመሰለ ላባ በራሱ ላይ የደፋውን፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ የሆነውን፣ ከነጓደኛው በረጅም እግሩ ሲመላለስ አየነው። ጎጆውን በረግረግ ሣር ውስጥ ይሠራል፤ ማታ ግን የኋላ ጣቱ ረጅም ስለ ሆነ ዛፍ ላይ ያድራል። ቁጥሩ እየተመናመነ ነው። የቦዬ ጭቃ ለጡብ ይቈፈራል፤ ዳሩንም ባሕር ዛፍ ይዞታል። ጡብ ሠሪውን አንወቅስም፤ እንጀራው ነውና። ከልጆቹ አንዱ፣ አባቱ ጡብ ሠሪ የሆነው፣ «አባቴ በበጋ ከቈፈረው፣ ወፉ በክረምት ለጎጆው ሣር ከየት ያገኛል?» ብሎ ጠየቀን። ከአባቱ ጋር ለመነጋገር ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል።