የጋራ ጥላ፣ የግል ዕዳ

ስለ መንግሥትና ስለ ሥልጣን መጻፍ የለመደ ሰው ዛሬ ስለ ዛፍ መቁረጫ ዋጋ ሲጽፍ «ምን ነካው?» ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ። የሀብትና የመብት ጥያቄ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በጓሮም ይነሣል።

እኔ በምኖርበት የዋሽንግተን ዲሲ ሰፈር አንዲት በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያዊት ጎረቤት አሉኝ። ከቤታቸው ጀርባ አንድ ግዙፍ የኦክ ዛፍ ቆሞ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ የደረቁ ቅርንጫፎቹን ለመግረዝ 1,100 ዶላር ጠየቃቸው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው ጡረተኛ ናቸውና «ለከርሞ» አሉ። ከርሞም ሌላ ከርሞን ወለደ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ዋሽንግተን በመዝገብ የሰፈረውን ሁሉ የሚበልጥ ዝናብ ዘነበባት። ከዚያ በኋላ ዛፉ ከጫፉ ይደርቅ ጀመር፤ ሥሩም በሰበሰ። በመጨረሻ የከተማው ባለሙያ መጥቶ አየና «አደገኛ ነው» ብሎ ፈረደበት።

የማስወገጃው ዋጋ 6,400 ዶላር ሆነ። ዛፉ ረጅም ነው፣ ወደ ጓሮ መኪና አይገባም፣ የኤሌክትሪክ መስመር በአጠገቡ ያልፋል፤ ስለዚህ ክሬን ያስፈልጋል ተባለ። ጉቶውስ? ጉቶ መፍጨት ለብቻው የሚከፈልበት ሥራ ስለ ሆነ ሌላ 450 ዶላር ተጨመረ። የኢንሹራንስ ኩባንያው ገና ላልወደቀ ዛፍ አልከፍልም አለ። የተለመደው የቤት ውል እንዲህ ነው፤ ዛፉ ቤቱን ከደረመሰ በኋላ ቤቱን ይጠግናል፣ ግንዱን ለማንሣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ብቻ ይሰጣል። በግማሽ ዋጋ እቆርጣለሁ የሚል የሞተር መጋዝ የያዘ ሰውም መጥቶ ነበር፤ ፈቃድም ሆነ መድን አልነበረውም። ሰውዬው ከዛፉ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? እርሳቸው ይህን አውቀው እምቢ አሉና ከእቁብ የመጀመሪያውን ዕጣ ለምነው ወሰዱ። «ልጄ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠለልበት ኖሮ ዕዳው ለእኔ ብቻ ደረሰ» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ቃል ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ከተማዋ በ2002 የከተማ ደን ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ በ2016ም አጠበቀችው። በማሻሻያው መሠረት የግንዱ ዙሪያ ከ44 ኢንች ጀምሮ እስከ 100 ኢንች የማይሞላ ዛፍ «ልዩ ዛፍ» ተባለ። ጤነኛውን ልዩ ዛፍ በገዛ ጓሮው ለመቁረጥ የፈለገ ባለቤት ለእያንዳንዱ የዙሪያ ኢንች 55 ዶላር ለዛፍ ፈንድ እንዲከፍል፣ ወይም በልኩ ችግኝ እንዲተክል ተደነገገ። ዙሪያው 60 ኢንች ለሆነ ዛፍ የቆራጩ ዋጋ ሳይነሣ 3,300 ዶላር ማለት ነው። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ «ቅርስ ዛፍ» ተብሎ፣ አደገኛ ካልሆነ ወይም ከጥበቃው ነፃ ከተደረጉት ዝርያዎች ካልተቈጠረ በቀር ከነጭራሹ አይነካም።

እኔ ይህን ሕግ አልቃወምም። ከተማዋ በ2032 ከመሬቷ 40 በመቶውን በዛፍ ጥላ ለመሸፈን አቅዳለች፤ መልካም ዕቅድ ነው። ነገር ግን ይህ ዕቅድ በግለሰቦች ጓሮ ካሉ ዛፎች ውጭ ሊሳካ አይችልም። እንግዲህ የእኔ ጓሮ ዛፍ በከተማው ዕቅድ ውስጥ ከተቈጠረ፣ ስለ ምን የመግረዣው ወጪ በከተማው በጀት ውስጥ አይቈጠርም? በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል የቆመውን ዛፍ ከተማው በሕዝብ ገንዘብ ይገርዘዋል፤ ሲሞትም ያነሣዋል። ከዚያ ዛፍ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመው ወንድሙ ግን በመበለቲቱ ጫንቃ ላይ ነው። ጥላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የአጥር ብቻ ነው።

«ቤቱን ከነዛፉ ገዝታዋለች፤ ንብረት ያለው ወጪም አለው» የሚሉኝ አይጠፉም። ዛፉ ፍጹም የባለቤቱ ከሆነ ፈቃድ መጠየቁ ለምን አስፈለገ? የሕዝብም ድርሻ አለበት ከተባለ ደግሞ ሕዝቡ ድርሻውን ይክፈል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ግን ፍትሕ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ሕጉ ሳያስበው የሚያስተምረው ትምህርት ነው። ጤነኛውን ዛፍ የሚቆርጥ ይከፍላል፤ «አደገኛ» የተባለውን የሚቆርጥ ግን ከክፍያው ነፃ ነው። የዛፍ ፈንዱም ከተከላ ሌላ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች አደገኛ ዛፍ ማስወገጃ እንዲውል ታስቧል። ታዲያ አቅም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ዛፉ እስኪታመም ይጠብቅ! በ1,100 ዶላር ሊድን ይችል የነበረ ኦክ በ6,850 ዶላር ተቀበረ። ሴትዮዋ ተጎዱ፤ ከተማዋም ጥላዋን አጣች። ከዚህ ማን ተጠቀመ?

የእኛንም አገር ባስታውስ አይከፋችሁ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርግና፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያደረገውን ቋሚ መሻሻል ግን የራሱ ነው ይላል። በዚያ መሬቱ የጋራ፣ የተከልኩት ዛፍ የእኔ ነው፤ በዚህ መሬቱ የእኔ፣ ዛፉ የጋራ ሆነ። ሕጎቹ ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ቆራጩ የሚያንኳኳው በር ግን በሁለቱም አገር የባለቤቱ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከዛፍ ፈንዱ ከፊሉ አቅም ለሌላቸው ባለቤቶች የመግረዣ ድጎማ ይሁን፤ ዛፉ ሳይታመም በየጥቂት ዓመቱ ይመርመርላቸው። በዚህች ከተማ ቤት ያላችሁ ወገኖቼም የምክር ቤት አባላችሁን ጠይቁ። ለአገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር የምናድር ሰዎች፣ ግብር በምንከፍልበት ከተማ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ለምን ይከብደናል?

ጎረቤቴ ዛሬም እቁባቸውን እየከፈሉ ነው። ኦክ የነበረበት ቦታ የእንጨት ፍጭ ሞልቶታል፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የእርሳቸውም የእኔም ጓሮ ፀሐይ ይመታዋል።

ቸር ይግጠመን።