ሁለት ሞተር፣ አንድ ውሳኔ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገሬ ሰው። ባለሁለት ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ለነጋዴና ለባለሥልጣን ሲሸጡ የኖሩት በዚሁ ሒሳብ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያደርሳል! እኔ ግን ሒሳቡ ጎዶሎ ነው እላለሁ።

ኤሮ ኮማንደርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ሁለት የፒስተን ሞተሮች ያሉት የአሜሪካ ሥራ ነው። አምራቾቹ በ1951 የአንዱን ሞተር ፕሮፔለር ፈትተው ካቢኑ ውስጥ ጭነው፣ ከኦክላሆማ ዋሽንግተን ድረስ በአንድ ሞተር አበረሩት። ማስታወቂያ ማለት ይኼ ነው! ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ጌቲስበርግ ወዳለው እርሻቸው ይመላለሱበት ነበር።

ማስታወቂያው የማይነግረን ነገር ግን አለ። እንዲህ ባሉ አውሮፕላኖች አንድ ሞተር ሲጠፋ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የመውጣት አቅሙ ግን 80 በመቶ ያህል ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ የቀረው ሞተር ወደ ጎን ይጎትታል። ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን ከወረደ መሪው ሊያቃናው ስለማይችል ይገለበጣል። ፓይለቶች «ሁለተኛው ሞተር የሚጠቅመው አደጋው ቦታ ድረስ ለመውሰድ ነው» እያሉ የሚቀልዱት ወደው አይደለም።

«ታዲያ ጥፋቱ የአውሮፕላኑ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። በከፊል እውነት አላችሁ። የኮማንደር ክንፍ ዋና ምሰሶ በዝገትና በስንጥቅ ምክንያት የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በተደጋጋሚ የግዴታ ምርመራ አዝዞበታል።

ግን ሁለት ሰዎችን እናስተያይ። ቦብ ሁቨር የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ሽራይክ ኮማንደር በአየር ትርዒት ላይ ሁለቱንም ሞተሮች አጥፍቶ ያገለባብጠውና በሰላም ያሳርፈው ነበር። የጦር ጀግናውና የፊልም ተዋናዩ ኦዲ መርፊ ደግሞ በሜይ 1971 ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ተሳፍሮበት የነበረው ኤሮ ኮማንደር 680 ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተላትሞ ሁሉም አለቁ። ዝናብና ጭጋግ ነበር። ፓይለቱ ብዙ ሺህ ሰዓት የበረረ ቢሆንም በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ለመብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ አልነበረውም። መርማሪዎቹም ጣታቸውን የቀሰሩት በዚያ አየር በረራውን በመቀጠሉ ላይ ነው።

አያችሁ? አንዱ ያለ ሞተር አረፈ፤ ሌላውን ሁለት ሞተር አላዳነውም።

የአየር መንገድ በረራ የሚታመነው በሞተር ብዛት ብቻ አይደለም። ሁለት ፓይለት፣ በየጊዜው የሚደገም ሥልጠና፣ «ዛሬ አይበረርም» የሚል የተጻፈ ደንብ አለው። በግል አውሮፕላን ላይ ግን ብዙ ጊዜ መሪውን የያዘው አንድ ሰው ነው፤ ከኋላው ደግሞ ስብሰባ የሚረፍድበት ተሳፋሪ ተቀምጧል።

ስለዚህ «ስንት ሞተር አለው?» ብሎ መጠየቅ ይብቃን። ጥያቄው «እምቢ ማለት የሚችል ሰው አለው ወይ?» ነው። ሁለተኛው ባላ እሱ ነው።