የፈረስ እድር እናቋቁም

ያን ዳማ ፈረስ ያላየ የደብረ ብርሃን ሰው ያለ አይመስለኝም። ማለዳ ወደ ሥራ ስንወጣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነው የምናገኘው። ጋማው ላይ አመዳይ ጋግሮበታል፤ የጋሪው እንጨት የላጠው ትከሻው ፀጉር አላበቀለም፤ የፊት ጉልበቱ ብርቱካን አክሎ አብጧል። የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋበት እግሩን ያነሣና መልሶ እዚያው ያስቀምጣል። መገጣጠሚያው አልታጠፍ ብሎታል።

ጌታው ጨካኝ ነው ብለን ነገሩን አንዝጋው። በሬ ሲያረጅ ይደልብና ለእርድ ይሸጣል። የፈረስ ሥጋ ግን አንበላም፤ ስለዚህ ፈረስ ያነከሰ ዕለት ዋጋው ባዶ ነው። ባለጋሪው ከልጆቹ ዱቄት ቀንሶ ለማይሠራ እንስሳ ፉርሽካ ይግዛ ማለት ለአፍ ይቀላል። እናም አንድ ማታ ልጓሙን ያወልቅለታል፣ ወደ ሜዳ ይነዳዋል፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል።

ነገሥታታችንን በፈረስ ስማቸው፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን እናወድሳለን። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቻቸውን አስጊጠው የዓድዋን ውለታ ያነሣሉ፤ ደግ አደረጉ። የጋሪ ፈረስ ግን በዓል የለውም።

አንድ ቤት ብቻውን ለማይችለው ሸክም የቆየ መላ አለን፤ እድር። ለፈረሶቻችንም እናቋቁም። (የእድርን ስም ለእንስሳ ማዋል የሚከብዳችሁ ሌላ አውጡለት፤ በስሙ አልጣላም።) ባለጋሪዎች፣ ፈረሱ ጉልበት ሳለው ከዕለት ገቢያችሁ ጥቂት ጥቂት አስቀምጡ። ገብስና ሲሚንቶ ስናስጭን የኖርን ነጋዴዎች፣ ስንሳፈር የኖርን ሁሉ፣ ከባለጋሪው እኩል እናዋጣ፤ ጉልበቱን የበላነው አብረን ነው። ከከተማው አስተዳደር የታጠረ መስክና የአንድ ቆርቆሮ ዳስ ቦታ እንጠይቅ።

ያረጀ መገጣጠሚያ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ከዋለ ይደርቃል፤ ለስላሳ መሬት ላይ ቀስ እያለ ሲራመድ ይፍታታል። ስለዚህ ችካሉ ይነቀል። መኝታው ደረቅና ወፍራም ጭድ ይሁን፤ ጠንካራ መሬት ላይ የተኛ ሽማግሌ ፈረስ መነሣት ያቅተዋል። ጥርሱ አልቋልና ፉርሽካው በውኃ ይራስለት። ሰኮናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይከርከም፤ ሲረዝም እግሩን ያጣምመዋል። ማስታገሻውን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ፤ ጓዳ የተረፈ የሰው ክኒን አትስጡት። ጉልበቱን በጋለ ብረት መተኮስማ ፈጽሞ ይቅር፤ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ ቁርጥማቱን አይነቅልም። በብርድ ልብሷ በታወቀች ከተማ ፈረስ በብርድ ማደሩም ያሳፍራል፤ ያረጀውን ብርድ ልብስ አምጡለት።

መነሣት ተስኖት ሕመሙ በመድኃኒት የማይመለስ ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ ሳያሠቃይ ያሳርፈው። ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ከጅብ ጥርስ ግን ይሻላል።

የኅዳር ውርጭ ሳይበረታ ዳሱ ይቁም። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ ማቆሚያው ጋ እንገናኝ። ጭድ ያለው ጭድ፣ ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ፣ ምንም የሌለው አካፋውን ይዞ ይምጣ።